ደሙ በየትኛው ቀን ተቀዳ? ስለ «ሙሉ ሆርሞን» ምርመራ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «34 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከስምንት ወር ወዲህ ድካም ይሰማኛል፤ ፀጉሬ ይረግፋል፤ ክብደትም ጨምሬያለሁ። የወር አበባዬ ድሮ በ28 ቀን ነበር የሚመጣው፤ አሁን 40 ቀን ይቆያል። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ሁለተኛ እያሰብን ነው። ጓደኛዬ ‹ሆርሞንሽ ተዛብቶ ነው› ስላለችኝ ያለ ሐኪም ማዘዣ ላቦራቶሪ ሄጄ አሥር ዓይነት ሆርሞን አሠራሁ። ደም የሰጠሁት ከሥራ ስወጣ ነው፤ የወር አበባዬ ከመጣ አራተኛ ቀኑ ነበር። ቲ.ኤስ.ኤች 5.8 ከፍ ብሏል፤ ፕሮላክቲን 34 ከፍ ብሏል፤ ፕሮጄስትሮን 0.5 ዝቅ ብሏል። ሌላው ደህና ነው ተባልኩ። ፋርማሲ ወረቀቱን አይተው ብሮሞክሪፕቲንና ፕሮጄስትሮን ውሰጂ አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከራሷ የታይሮይድ ኪኒን ላካፍልሽ ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ የፀጉር ቫይታሚን ልካልኛለች፤ ቤት ውስጥ በምራቅ የሚሠራ የሆርሞን መመርመሪያም ልላክልሽ ትላለች። የቱን ልጀምር? በየስድስት ወሩስ ልመርመር? ባለቤቴም ቴስቶስትሮኑን መለካት ይፈልጋል።»

ምላሽ፦

ሦስቱንም መድኃኒት አይጀምሩ። የፀጉር ቫይታሚኑንም ለጊዜው ሳይከፍቱ ያስቀምጡት። ሕመምዎ የለም ማለቴ አይደለም። የወር አበባ ከ28 ቀን ወደ 40 ሲሸሽ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም መፈለግ አለበት። ግን እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት ምክንያቱን ገና አልነገረንም። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ፍጹም ጤነኛ ነው። ሁለቱ ደግሞ መደገም አለባቸው።

ከፕሮጄስትሮን ልጀምር። ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ በተለይ የወር አበባ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በጤነኛ ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ናኖግራም በታች ይሆናል። እርስዎ በአራተኛው ቀን ሰጥተው 0.5 መጣ። መምጣት ያለበት ይኸው ነው። ላቦራቶሪው «ዝቅተኛ» ብሎ ምልክት ያደረገበት ምናልባት የሁለተኛውን አጋማሽ መለኪያ ስለተጠቀመ ይሆናል፤ የወር አበባዎ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ማንም አልጠየቀዎትማ። እንቁላል መውጣቱን ለማወቅ ከተፈለገ ደሙ የሚቀዳው ቀጣዩ የወር አበባ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ሰው «21ኛው ቀን» የሚለውን ሰምቷል። እሱ የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ ነው። በእርስዎ የ40 ቀን ዑደት ትክክለኛው ቀን 33ኛው አካባቢ ነው። ያኔ ከ3 በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። ፋርማሲው ያለዎትን ኪኒን አሁን ቢጀምሩ ግን ደሙ የሚመጣውና የሚቀረው በኪኒኑ ትእዛዝ ይሆናል። የራስዎ ዑደት ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት አንችልም።

እዚህ ላይ ስለ «ከፍ ያለ» እና «ዝቅ ያለ» ምልክቶች ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈው መደበኛ ክልል የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶው የሚገኙበትን ተይዞ ነው። የቀሩት 5 በመቶም ጤነኞች ናቸው፤ ግን ምልክት ይደረግባቸዋል። አንድ ምርመራ ብቻ ሲሆን ይህ ብዙም አያስቸግርም። እርስ በርስ የማይያያዙ አሥር ምርመራዎች በአንድ ላይ ቢሠሩ ግን፣ ምንም ሕመም ከሌለባቸው 100 ሰዎች ወደ 40 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ምልክት ይዘው ይወጣሉ። ፓኬጅ ሲሰፋ ስጋቱም አብሮ ይሰፋል። ያለ ጥያቄ የሚሠራ የሆርሞን ፓኬጅ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያሳዝነኝ፤ ሰው ከዚያ በኋላ የሚውጠው መድኃኒት ነው።

ፕሮላክቲን፣ ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው፣ በጣም ድንጉጥ ሆርሞን ነው። ሲደነግጡ ይጨምራል። ሲሮጡ ይጨምራል። ሲተኙ ይጨምራል፤ ከእንቅልፍ ከተነሱ በኋላም ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል። ምግብ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ የጡት ጫፍ መነካካት ከፍ ያደርጉታል። መርፌ የሚፈራ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሲጠብቅ ብቻ ሊጨምር ይችላል። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ሠርተው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ላቦራቶሪው ሳይዘጋ ለመድረስ እየተጣደፉ ሄደው እንደሆነ እገምታለሁ። በሴቶች ላይ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ጣሪያ 25 ናኖግራም አካባቢ ነው፤ 34 ከዚያ ብዙም አልራቀም። ፕሮላክቲን የሚያመርት የፒቱታሪ ዕጢ (ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ናት) እብጠት ሲኖር ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 ያልፋል፤ 200 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። በ34 ላይ መጀመሪያ የሚደረገው መድገም ነው። ጠዋት፣ ምግብ ሳይበሉ፣ ከእንቅልፍ ከተነሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ላቦራቶሪው ወንበር ላይ ለሃያና ሠላሳ ደቂቃ በጸጥታ ከተቀመጡ በኋላ።

ድጋሚው ከፍ ካለም ወዲያው ፕሮላክቲንን ወደሚያወርደው ኪኒን፣ ወደ ብሮሞክሪፕቲን አንሄድም። መጀመሪያ መድኃኒት እንጠይቃለን። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ (ብዙ ሰው ፕላዚል ይለዋል) ፕሮላክቲንን ያንረዋል። ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም፤ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ቀጥሎ እርግዝና፣ የኩላሊት ችግርና የታይሮይድ ማነስ ይታያሉ። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ፕሮላክቲን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ይዘዋወራል። መሣሪያው ይቆጥረዋል እንጂ በሰውነት ላይ የሚሠራው ሥራ እምብዛም ነው። ማክሮፕሮላክቲን ይባላል፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ለይቶ ያዝዛል። ብሮሞክሪፕቲን በትክክለኛው ሰው ላይ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ቦታው ሲሰጥ ግን ያቅለሸልሻል፤ ብድግ ሲሉ ደም ግፊት አውርዶ ያዞራል። ከሁሉ የከፋው ቁጥሩን አውርዶ ምክንያቱን ይደብቃል።

ከሦስቱ ቁጥሮች ክብደት የምሰጠው ለቲ.ኤስ.ኤች ነው። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ነው፤ አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «ሥራ» እያለ ያዝዘዋል። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይጨምራል፤ ስለዚህ የቲ.ኤስ.ኤች ከፍ ማለት የታይሮይድ ማነስን ይጠቁማል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይረዳዋል። «ታይሮይዴ ከፍ አለ» ብሎ መጥቶ የሚያወርድ መድኃኒት የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። መደበኛው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። 5.8 ሆኖ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) ደህና ከሆነ ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜያዊም ሊሆን ይችላል። ከሌላ ሕመም ሲያገግሙ እንኳ ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ ደረጃ ካለ ቁጥር ብዙው በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ ሲደገም ራሱ ይመለሳል። ከ10 በላይ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ እናክማለን።

የእርስዎ ሁኔታ የሚለየው ሁለተኛ ልጅ ማሰብዎ ነው። ለመፀነስ እየሞከሩ ከሆነ ሦስት ወር ቁጭ ብለው አይጠብቁ። ቲ.ኤስ.ኤች እና ፍሪ ቲ4 አሁን ይደገሙ፤ የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራም ይጨመር። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠቀመው የእናቱን የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ላይ «እንጠብቅ» የምንልበትን ቁጥር፣ መፀነስ የምትፈልግ ሴት ላይ በዝቅተኛ መጠን ልናክመው እንችላለን። ያን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። የጓደኛዎ ኪኒን ለጓደኛዎ ክብደት፣ ዕድሜና ቁጥር የታዘዘ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ያለ መጠኑ ሲወሰድ የልብ ምት ያዛባል፤ ሲቆይም አጥንት ያሳሳል። ክብደት ለመቀነስ ብላ የምትወስደውንም ይመለከታል። ከታዘዘልዎት ደግሞ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይውሰዱት። ቡናው ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ የብረትና የካልሲየም ኪኒን አራት ሰዓት ይራቁት። እኛ አገር ሰው ዓይኑን እንደገለጠ ቡና ነው የሚፈልገው፤ መድኃኒቱ «አልሠራ አለኝ» ከሚሉኝ ውስጥ ቡናው አብሮ የሚጠጣባቸው አሉ። ድጋሚ የሚለካው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁጥሩ አይረጋም።

እግረ መንገዴን፦ እንቅርት ከአዮዲን እጥረት ጋር ስለሚያያዝ ከባሕር አረም የተሠሩ የአዮዲን ኪኒኖችን የሚገዙ አሉ። አይግዙ። የበዛ አዮዲንም ታይሮይድን ያውካል። አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት።

አሁን በጥያቄዎ ውስጥ ያልነገሩኝን ልጠይቅ። ልጅዎን ሲወልዱ ብዙ ደም ፈሶዎት ነበር? ከዚያ በኋላ ጡትዎ ወተት አልመጣም ነበር? የብብትና የብልት አካባቢ ፀጉር ሳስቶ ነበር? የወር አበባዎ ስለተመለሰና ቲ.ኤስ.ኤችዎ ከፍ ስላለ እርስዎ ላይ ይህን ብዙም አልጠረጥርም። ነገር ግን ሌላ አንባቢ ራሷን ልታገኝበት ስለምትችል ልናገረው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስ ፒቱታሪ ደም አጥታ ልትጎዳ ትችላለች። ሺሃን ሲንድሮም ይባላል። እንዲህ ያለች ሴት ዓመታት ሙሉ ይደክማታል፤ ብርድ ብርድ ይላታል፤ የወር አበባዋ ይቀራል። ቲ.ኤስ.ኤችዋ ሲለካ ግን «ደህና» ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም የተጎዳችው ራሷ አዛዧ ናት። ታይሮይድዎ ደህና ነው ተብላ ትሸኛለች። እሷን የሚያገኛት ፍሪ ቲ4 ሲጨመር ነው። አንድ ትልቅ ጥንቃቄም አለ፦ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ኮርቲሶል (ሰውነት ሕመምንና ጭንቀትን የሚቋቋምበት ሆርሞን) ሳይለካና ሳይተካ የታይሮይድ ኪኒን መጀመር ሕይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል። ኪኒን መዋዋስን አጥብቄ የምከለክለው ለዚህም ጭምር ነው።

የእህትዎን ቫይታሚን ለምን አስቀምጡት አልኩ? የፀጉር፣ የቆዳና የጥፍር ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ብዙ ባዮቲን አላቸው። ብልቃጡ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም የሚል ታገኛላችሁ፤ ሰውነት በቀን የሚያስፈልገው 30 ያህል ነው። ባዮቲን ራሱ ብዙም አይጎዳም። ግን ብዙ የሆርሞን መመርመሪያ መሣሪያዎች ለመለካት የሚጠቀሙት ባዮቲንን ነው። ደም ውስጥ ሲበዛ መሣሪያው ይታለላል። ቲ.ኤስ.ኤች ከእውነቱ ዝቅ ብሎ፣ ፍሪ ቲ4 ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። ጤነኛ ሰው የታይሮይድ መብዛት አለብህ ይባላል። የታይሮይድ ማነስ ያለባት ሴት ደግሞ ደህና ነሽ ልትባል ትችላለች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቫይታሚኑን የጀመረ ሰው ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ያቁም፤ መጠኑ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ከዚያም ይበልጥ። ፀጉር ሲረግፍ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ቫይታሚኑን ይጀምራሉ፣ ሆርሞን ይመረመራሉ። ላቦራቶሪ ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ።

የእርግዝና መከላከያም እንደዚያው ነው። ኪኒን፣ የሦስት ወር መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን የምትጠቀም ሴት የኤፍ.ኤስ.ኤች፣ የኤል.ኤችና የኤስትራዲዮል (የወር አበባ ዑደትን የሚመሩ ሆርሞኖች) ልኬት የሚነግራት ትንሽ ነው፤ መከላከያው ሆርሞኖቹን ስለሚለውጣቸው። በሦስት ወር መርፌ ላይ እያለች የወር አበባ መቅረት የተለመደ ነው። ፊት የሚያቀላ ቅባትም ይጠየቅ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበትን ለወራት የሚቀቡ፣ ወይም ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታሶን የሚውጡ ሰዎች፣ መድኃኒቶቹ እንደ ኮርቲሶል ስለሚሠሩ፣ የራሳቸው ኮርቲሶል ይተኛባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው።

የምራቁን መመርመሪያ አያስልኩ። ምራቅ ለአንድ ጥያቄ በሚገባ ይጠቅማል፤ ሐኪም ኮርቲሶል በዝቷል ብሎ ሲጠረጥር በእኩለ ሌሊት አካባቢ ተወስዶ ይለካል። በፖስታ የሚመጡት ብዙዎቹ ግን «አድሬናል ፋቲግ» (ኮርቲሶል የሚያመርተው ዕጢ ደከመ እንደማለት) ለሚባል ነገር ነው የሚሸጡት፤ ይህን የኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪሞች ማኅበራት እንደ በሽታ አይቀበሉትም። የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን የምራቅ ቁጥር ተይዞም ሕክምና አይወሰንም።

ባለቤትዎ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ የጠዋት መቆም መቅረት፣ ወይም ልጅ ለማግኘት መቸገር ካለበት ይለካ። ድካም ብቻ ከሆነ መጀመሪያ እንቅልፉን፣ ስኳሩንና ክብደቱን ይይ። ቴስቶስትሮን የሚለካው በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው፣ በባዶ ሆድ ነው። ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። አንድ የከሰዓት ቁጥር ብቻ ተይዞ ወንድ ልጅ መርፌ አይጀምርም። በተለይ እናንተ ልጅ እያሰባችሁ፦ ከውጭ የሚሰጥ ቴስቶስትሮን የዘር ፍሬ ምርትን ያዳክማል፤ ጨርሶ ሊያቆመውም ይችላል። ጂም ውስጥ የሚሸጠውም ያው ነው።

በየስድስት ወሩ የሚለው? አያስፈልግም። ምልክት የሌለበት ጤነኛ ሰው በየጊዜው ሆርሞን ቢለካ እንደሚጠቀም አልተረጋገጠም። በአሜሪካ የመከላከል ሕክምናን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ነፍሰ ጡር ላልሆኑና ምልክት ለሌላቸው አዋቂዎች የታይሮይድ ምርመራን እንኳ ለመምከር በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ያን ገንዘብና ጊዜ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያውሉት። የመጨረሻው በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል፤ እርስዎ ዕድሜዎ ውስጥ ነዎት። ካልሠሩ ከየትኛውም ሆርሞን ይቀድማል።

ምልክት ሲኖር ግን ምርመራው ዋጋ አለው። የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ፤ ሳያጠቡ ከጡት ወተት ከፈሰሰ፤ አንገት ላይ እብጠት ከታየ፤ ፊት ላይ ፀጉር ከበዛ፤ 35 ዓመት ያልሞላት ሴት ለአንድ ዓመት፣ 35 የሞላት ለስድስት ወር ሞክራ ካልፀነሰች መመርመር ይገባል። የማያቋርጥ ራስ ምታት ከዓይን ዳር ዳር ማየት መቸገር ጋር ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፤ ደሙን ከሰጡ በኋላ ምን እንደተፈጠረ አናውቅም። ከዚያ የደም ማነስና የብረት ክምችት (ፌሪቲን) እንዲሁም ስኳር ይታይ። በእርስዎ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ድካምና የፀጉር መርገፍ አብረው ሲመጡ የብረት ማነስ ከሁሉ ቀድሞ የምጠረጥረው ነው፤ አሥሩ ሆርሞን ውስጥ ግን አልነበረም። ቲ.ኤስ.ኤች፣ ፍሪ ቲ4ና ፕሮላክቲን ጠዋት ይደገሙ። የመጀመሪያውን የሠራልዎት ላቦራቶሪ ላይ ቢሆን ይሻላል። የምርመራ ክፍሌ ድረስ የሦስት ላቦራቶሪ ወረቀት በፌስታል ይዛ የመጣች ሴት አስታውሳለሁ። አንዱ ላይ ፕሮላክቲኗ 30፣ ሌላው ላይ 640 ነበር። በጣም ደንግጣ ነበር። የተለየው መለኪያው ነው፤ አንዱ በናኖግራም፣ ሌላው በሚሊ ዩኒት የተጻፈ ነው እንጂ ሁለቱ እኩል ናቸው።

ያለፉትን ስድስት የወር አበባ ቀኖች ከስልክዎ ላይ ወይም ከትዝታዎ ይጻፉ። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ቫይታሚንና ቅባት ብልቃጡን ጭምር ይያዙ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ወደ ማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ይሂዱ። ድጋሚው ሁሉ ደህና መጥቶ ዑደቱ 40 ቀን ላይ ከቀጠለ ቀጣዩ ጥያቄ የእንቁላል ማምረቻው ነው፤ አልትራሳውንድና የ33ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን ያኔ ይታዘዛሉ።